በፓይተን ፕራይም ቁጥር የሚፈልጉ ኮዶችን ፍጥነት እንዴት እናወዳድር?

ፕራይም ከ1 እና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለው፣ ከ1 የሚበልጥ ቁጥር ነው። መጀመሪያ ሥራውን ለዩት። «ይህ ቁጥር ፕራይም ነው ወይ?» እና «እስከ 1 ሚሊዮን ስንት ፕራይም አለ?» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። እኛ ሁለተኛውን እንያዝ።

ሦስት ፋንክሽን ጻፉ። ሁሉም ጣሪያ ቁጥር ተቀብለው እስከዚያ ያሉትን ፕራይሞች ብዛት ይመልሱ።

አንደኛው የዋህ ነው። እያንዳንዱን ቁጥር ከ2 ጀምሮ ከሱ በታች ባሉት ሁሉ ያካፍላል፤ ያለ ቀሪ ሲካፈል ያቆማል። ሁለተኛው እስከ ስኩዌር ሩቱ ብቻ ይሄዳል። ፕራይም ያልሆነ ቁጥር ከስኩዌር ሩቱ የማይበልጥ አካፋይ አያጣምና ከዚያ ማለፍ ትርፉ ልፋት ነው። ልዩነቱ ቀላል አይምሰላችሁ። 999,983 ፕራይም መሆኑን ለማረጋገጥ የዋሁ 999,981 ጊዜ ያካፍላል። ሁለተኛው 998 ጊዜ።

ሦስተኛው የኤራቶስቴንስ ወንፊት ነው። ሰውየው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር። እዚህ ማካፈል የለም። ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ቦታ ባለው ባይትአሬይ (የትንንሽ ቁጥሮች ዝርዝር) ውስጥ ሁሉንም ቦታ 1 አድርጉ፤ የ0ን እና የ1ን ቦታ ሰርዙ፣ ማለትም 0 አድርጉ። ከ2 ተነስታችሁ ያልተሰረዘ ቁጥር ባገኛችሁ ቁጥር፣ ብዜቶቹን ከራሱ ካሬ ጀምራችሁ ሰርዙ። እስከ ጣሪያው ስኩዌር ሩት ይበቃል። ሳይሰረዙ የቀሩት ፕራይሞች ናቸው። ስረዛውን በፎር ሉፕ ሳይሆን በስላይስ (የዝርዝሩን ክፍል ባንድ ትእዛዝ በመያዝ) ባንዴ አድርጉት፤ በጣም ይፈጥናል።

ሰዓት ከመያዛችሁ በፊት መልሱን አረጋግጡ። ጣሪያው 1,000 ሲሆን 168፣ 10,000 ሲሆን 1,229 መምጣት አለበት። የተሳሳተ ኮድ ቢፈጥን ምን ዋጋ አለው?

ለመለካት ታይም ከሚባለው ሞጁል ፐርፍ ካውንተርን (perf_counter፣ አጭር ጊዜ ለመለካት የሚሆን ሰዓት) ተጠቀሙ። ከጥሪው በፊትና በኋላ ያለውን ንባብ ቀንሱ። ፕሪንት በልኬቱ መሃል አይግባ፤ ስክሪን ላይ መጻፍ ራሱ ጊዜ ይበላል። አምስት ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ሳይሆን ትንሹን ያዙ። ከጀርባ የተከፈተ ብሮውዘር ጊዜውን ያስረዝማል እንጂ አያሳጥርም።

አሁን ጣሪያውን 10,000፣ 100,000፣ 1,000,000 እያደረጋችሁ መዝግቡ። ዋናው ነገር ሴኮንዱ ሳይሆን እድገቱ ነው። የዋሁ እስከ 100,000 ከ450 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ያካፍላል። እስከ 1 ሚሊዮን ግን ከ37 ቢሊዮን በላይ! ቡና ተፈልቶ በረካ ሊደርስ ይችላል፤ እዚያ ላይ ብትተዉት ይሻላል። የወንፊቱ ሥራ ግን ጣሪያው በአሥር እጥፍ ሲጨምር ከአሥር እጥፍ እምብዛም አያልፍም።

አሸናፊው ወንፊቱ ነው ብላችሁ ግን አትቸኩሉ። ጥያቄው 999,983 ብቻ ከሆነ ሁለተኛው ይቀድመዋል። ወንፊቱ ለአንድ ቁጥር ብሎ ሚሊዮኑን ሁሉ መደርደር አለበት።