«የቱርክ ማርሽ» ሩጫ አይደለም

ፒያኖ የጀመረ ልጅ ሁሉ ዓመት ሳይሞላው «መቼ ነው የቱርክ ማርሽን የምታስተምረኝ?» ይለኛል። አልፈርድበትም። እኔንም ፒያኖ ያስያዘኝ እሱ ነው። ሞዛርት የኤ ሜጀር ሶናታውን (ባለ ብዙ ክፍል የፒያኖ ድርሰት፤ በሥራዎቹ ዝርዝር ኬ. 331) የዘጋው በዚህ ሙዚቃ ነው፤ በ1784 ቪየና ውስጥ ታተመ።

ትልቁ ጥፋት ፍጥነት ነው። ኖታው አናት ላይ የተጻፈው «አሌግሬቶ» ነው፤ መጠነኛ ፍጥነት ማለት ነው። ፕሬስቶ (በጣም ፈጣን) አይደለም፤ አሌግሮ (ፈጣን) እንኳ አይደለም! ግን ልጁ ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ይፈተለካል። ኢንተርኔት ላይ ያየውን ፈጣን ሰው ለመብለጥ ነው። ማርሽ እኮ ነው፤ ሰው ይራመድበታል። አንዳንዴ ተማሪዬን አስነሳና እኔ በእሱ ፍጥነት እየተጫወትኩ «በል ተራመድ» እለዋለሁ። ሦስት እርምጃ ሳይሄድ ይሮጣል፣ ይስቃል፣ ተመልሶ ይቀመጣል።

እኔም ከዚህ አልዳንኩም። ተማሪ ሳለሁ ወላጆች በተሰበሰቡበት እንደ ጥይት ተተኮስኩ። የመጀመሪያው ገጽ አማረ። ኤፍ ሻርፕ ማይነር በሚባለው ቅኝት የተጻፈው ክፍል ጋ ስደርስ፣ ቀኝ እጅ ያለ እረፍት የሚፈስበት ቦታ ላይ፣ ጣቶቼ ተሳሰሩና ቆምኩ። ሰዉ ያለቀ መስሎት አጨበጨበ። ተነስቼ እጅ ነሳሁ፤ ምን ላድርግ? ከዚያ ወዲህ ፍጥነቱን የምለካው በመጀመሪያው ባር ሳይሆን በዚያ ቦታ ነው። እዚያ ጥርት ብሎ የሚወጣላችሁ ፍጥነት፣ የሙዚቃው ሁሉ ፍጥነት እሱ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት፣ አጀማመሩ። የመጀመሪያዎቹ ኖታዎች ሲ-ላ-ሶል ሻርፕ-ላ ናቸው፣ ከዚያ ዶ። አራቱ መንደርደሪያ ናቸው፤ ክብደቱ የሚያርፈው ዶ ላይ ነው። ግራ እጅም የሚገባው እዚያው ነው። ጀማሪ ግን ሲን በጡጫ ይመታዋል፤ ሰልፉ ከመነሻው ያነክሳል።

በለስላሳ ጀምሩ። በኤ ሜጀር ቅኝት የተጻፈው ጮክ ያለው ክፍል ሲመጣ የምትጨምሩት ድምፅ ይኑራችሁ።

ኤ ሜጀሩ ላይ ደግሞ በግራ እጅ ከታች ወደ ላይ የሚጠራረጉ ትንንሽ ኖታዎች አሉ። ተማሪዎቼ ጌጥ እየመሰሏቸው ይውጧቸዋል። ከበሮ ናቸው! ኦቶማን ቱርኮች ቪየናን በ1683 ከበው ነበር፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ግን የወታደር ባንዳቸው ከበሮና ጽናጽል ለከተማው ሰው ፋሽን ሆኗል። ኋላ ላይ የቪየና ፒያኖ ሠሪዎች ከበሮና ደወል የሚመታ ፔዳል እስከ መግጠም ደርሰዋል። የእናንተ ፒያኖ ያ ፔዳል የለውም፤ ስለዚህ ከበሮውን የሚመታው ግራ እጃችሁ ነው።

የድምፅ ማራዘሚያው ፔዳል ላይ እግር ተክሎ መቀመጥ? ተዉት።

መጨረሻው ላይም ፍጥነት የሚቀንስ አይጠፋም። ሞዛርት እዚያ «ቀንሱ» ብሎ አልጻፈም። አኮርዶቹን (አንድ ላይ የሚመቱትን ኖታዎች) እንደ ከበሮ ምቷቸውና እጃችሁን አንሱ።