መኪናችሁ አየር እየሳበች ከሆነ ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን እዩ

አየር መሳብ ማለት በተሰነጠቀ ቱቦ ወይም በላላ መገጣጠሚያ በኩል መግባት የሌለበት አየር ወደ ሞተሩ ሲገባ ነው። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትረግጡ ቆማ ስትዞር) የምትንቀጠቀጥ፣ ጠዋት በብርዱ ስታስነሷት አርፒኤሟ (የሞተሩ ዙር) ከፍ ዝቅ የሚል፣ ነዳጅ ስትረግጡ መጀመሪያ የምታመነታ መኪና ካለቻችሁ እና የመኪናዋ ኮምፒውተር ሲነበብ ፒ0171 የሚል የብልሽት ኮድ ከወጣ፣ እባካችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ዕቃ መሸጫ አትሩጡ። ኮዱ የሚለው ለገባው አየር ነዳጁ አንሷል ነው፣ ኦክስጅን ሴንሰሩ (ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካው) ተበላሽቷል አላለም፤ እንዲያውም ሴንሰሩ ስራውን ስለሰራ ነው ያወቀው። ግን ብዙ ሰው ሴንሰር ይቀይራል፣ አልሆን ሲል ሙሉ የአየር ማስገቢያው ከነቤቱ ከአዲስ አበባ ይምጣ ይባላል፣ መጨረሻ ላይ የሚገኘው አንድ የላላ ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) ወይም የደረቀች ቀጭን ቱቦ ይሆናል። ያሳዝናል።

መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ከአየር ፊልትሮ ቤት ወደ ስሮትል (ነዳጅ ስትረግጡ የሚከፈተው የአየር በር) የሚሄደውን ትልቁን ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ) ፍቱት። ቦታው ላይ እያለ አይቶ ደህና ነው ማለት አይበቃም፣ ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ በስር በኩል እጥፋቱ ውስጥ ነው የሚደበቀው። ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ እጥፋቱን በእጃችሁ እየለጠጣችሁ ዙሪያውን እዩ፣ ውስጡንም እዩ፣ ከፊልትሮ በኋላ ያለው ቦታ ንፁህ መሆን ሲገባው የአቧራ መስመር ካለ በዚያ በኩል እየገባ ነው ማለት ነው። ይሄ እኛ ጋ ጎንደር ቀልድ አይደለም፣ ፒስታ መንገድ ላይ የምትሰራ መኪና በዚች ስንጥቅ የሚገባው አቧራ ሳይጣራ ቀጥታ ሲሊንደር ነው የሚገባው፣ ፋሻና (የፒስተን ቀለበት) ሲሊንደር ይበላል።

ማኒኮቶው ደህና ከሆነ ሞተሩን አስነሱና ወደ ትናንሾቹ ቱቦዎች ሂዱ። የፀጉር ቤት አይነት ውሃ መርጫ ፕላስቲክ ካላችሁ በየመገጣጠሚያው ትንሽ ትንሽ ውሃ ርጩ (ሶኬቶቹንና ካንዴላ አካባቢውን ራቁ፣ እጅጌያችሁን ከቺንጊያና ከፋኑ ጠብቁ)፣ ውሃው ሲሳብ ድምፁ ይለወጣል። ቤንዚን የሚረጩ አሉ፣ የጋለ ሞተር ላይ እሳት ነው፣ በፍጹም አታድርጉት። ሌላው ዘዴ ፒንሳውን በጨርቅ ጠቅልሎ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ቀስ ብሎ መቆንጠጥ ነው፣ አንዱን ስትይዙት ሚኒሞው ከተስተካከለ በዚያ መስመር ላይ ነው። ፍሬን ስትረግጡ ፉጨት ከተሰማ ወይም ሚኒሞው ከተረበሸ ደግሞ የሰርቮ ፍሬኑን (በሞተሩ የመሳብ ኃይል ፍሬን ሲረገጥ የሚያግዘውን) መስመር ጠርጥሩ።

መኪናዋ ላይ ተሰክቶ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ኢኤልኤም 327 የሚባለው ኮድ ማንበቢያ ካላችሁ ስራው ይቀላል። ሾርትና ሎንግ ፊውል ትሪሙን (ኮምፒውተሩ ነዳጁን በስንት ፐርሰንት እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳዩትን ሁለት ቁጥሮች) ደምሩት፣ ሚኒሞ ላይ ፕላስ 20 ምናምን ሆኖ 2500 አርፒኤም ላይ ወደ 5 ከወረደ አየር እየሳበች ነው፣ ምክንያቱም ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚፈልገው አየር ትንሽ ስለሆነ የቀዳዳዋ ድርሻ ይገናል፣ አየሩ ሲበዛ ግን ትዋጣለች። ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ዳገቱን ስትወጡ ትሪሙ ከጨመረ ግን የነዳጅ ፊልትሮ፣ ፓምፕ ወይም የቆሸሸ ኤር ፍሎው (የሚገባውን አየር የሚለካ ሴንሰር) ሊሆን ይችላል (ትልቁ ማኒኮቶም ሞተር ሲወዛወዝ ስንጥቁ ስለሚከፈት እንደዚህ ያደርጋል፣ ለዚህ ነው መጀመሪያ እሱን ፍቱ ያልኩት)። ኤር ፍሎው ሳይኖራቸው በማፕ ሴንሰር (አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ውስጥ ያለውን ግፊት በሚለካ) የሚሰሩት ደግሞ ኮድ ላያወጡ ይችላሉ፣ ምልክታቸው ሚኒሞ ከፍ ብሎ አልወርድም ማለት ነው።

አሁን ጎንደር ላሉ ሰዎች በጣም የምፈልገው ነገር። ከተማችን ከ2100 ሜትር በላይ ነው ያለችው፣ የአየር ግፊቱ 78 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፣ ባህር ወለል ላይ ግን 101 ነው። ሞተር ሳይነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍታችሁ ማፕ ሴንሰሩ 78 ወይም 79 ካሳየ አልተበላሸም፣ ትክክለኛውን ነው የነገራችሁ! ቫኪውም ጌጅም (ሞተሩ ምን ያህል እንደሚስብ የሚለካው መሳሪያ) እንደዚሁ፣ ቪዲዮዎቹ ላይ ሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች መሆን አለበት ይላሉ፣ እኛ ጋ ወደ 7 ኢንች ቀንሱለት፣ 11 ወይም 12 ላይ ሳይንቀጠቀጥ የቆመ ቀስት እዚህ ጤነኛ ነው። ይሄን ባለማወቅ ደህና ሞተር የሚያስፈቱ አሉ።

ጥገናው ላይ፣ ቀጫጭኑ የቫኪውም ቱቦ በሜትር ነው የሚገዛው፣ የድሮውን ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱና ውስጡን አስለኩ። ጫፉ ብቻ ደርቆ ከሆነ እና ርዝመት ካለው ያን ቆርጦ መልሶ መክተት ይበቃል። ፋሼታው ከላላ በካቻቢቴ የሚጠበቀውን አዲስ ግዙ፣ ግን የፕላስቲክ አፍ ላይ አታንቁት ይሰነጠቃል። ትልቁ ማኒኮቶ ከተሰነጠቀ ከተፈታ መኪና ያገለገለ ፈልጉ፣ እየለጠጣችሁ አይታችሁ ግዙ። በከነመዳሪና በቴፕ መጠቅለል ቤት ለመድረስ ብቻ ነው። ተራ ሲሊኮን አትቀቡ፣ ትነቱ ኦክስጅን ሴንሰሩን ይጎዳል፣ ያኔ የሌለ ወጪ አመጣችሁ። የፒሲቪ ቱቦ (የሞተሩን የውስጥ ጭስ ወደ አየር ማስገቢያው የሚመልሰው) ዘይት የሚችል መሆን አለበት፣ የራዲያተር ቱቦ እዚያ ላይ ያብጣል። የሰርቮ ፍሬን ቱቦ ላይ ግን አትቆጥቡ፣ ለሱ የተሰራውን ግዙ፣ ሌላው ሲሳብ ይጣበቅና ፍሬኑ ይደርቅባችኋል።

ስትጨርሱ ኮዱን አጥፉና ከተማውን ዞራችሁ ትሪሙን እንደገና እዩ፣ ድምሩ በፕላስም በማይነስም ከ10 በታች ከሆነ አልቋል። ሲሞቅ ደህና ሆኖ ጠዋት በብርድ ብቻ ወደ 20 ከተመለሰ የማኒፎልድ ጓርኒሲዮን (የማሸጊያ ጎማ) ነው፣ ፕላስቲክ ማኒፎልድ ያላቸው ባለ 1ዜድዜድ ሞተር ኮሮላዎች ላይ የታወቀ ነው፣ ጎማው ይደርቅና ሲቀዘቅዝ ይስባል ሲሞቅ ይዘጋል። ጓርኒሲዮኑን ብቻ ግዙ፣ ማኒፎልዱ ካልተሰነጠቀ አይቀየርም፣ ብሎኖቹን ከመሀል ወደ ዳር እያላችሁ በየተራ አጥብቁ።