ነጩ ቱቦ፦ አዲስ የደም ቅባት መድኃኒት ሙከራ ውስጥ ለመግባት ለምታስቡ

ደም ቀድቼ ቱቦውን በማሽን ካሽከረከርኩት በኋላ ከላይ የሚጠልለው ፈሳሽ ጥርት ያለ ቢጫ መሆን ነበረበት። እኔ የምከታተላቸው ሰዎች ቱቦ ግን ነጭ ነው፤ ወተት ይመስላል። ፍሪጅ ውስጥ አድሮ ጠዋት ሳየው ከላዩ ስልባቦት ይዞ አገኘዋለሁ። ያ ስልባቦት ቅባት ነው። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ዓይነት።

ነርስ ነኝ። ሥራዬ አዳዲስ የደም ቅባት መድኃኒቶች የሚሞከሩባቸውን ሰዎች መከታተል ነው። ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ሲስተር፣ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» እኔ ልወስንላችሁ አልችልም። እንዴት እንደምትገቡ፣ ምን እንደምትጠይቁ፣ ከገባችሁ በኋላ ምን እንደምታደርጉ ግን ልነግራችሁ እችላለሁ።

መጀመሪያ ቁጥራችሁን እወቁ። በባዶ ሆድ በተወሰደ ደም ከ150 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ጤናማ ነው። 500 እና ከዚያ በላይ ሲሆን በጣም ከፍተኛ ይባላል። ውጤታችሁ በሚሊሞል ከተጻፈ 500 ማለት 5.6 አካባቢ ነው። 1000 ሲያልፍ የምንፈራው ቆሽትን ነው፤ በድንገት ሊቆጣና ሰውን አልጋ ላይ ሊጥል፣ ከባሰም ሊገድል ይችላል። አንዳንዶች ወረቀታቸውን ይዘው «ኤልዲኤል የሚለው ቦታ ባዶ ነው፣ ረስተውት ነው?» ይሉኛል። አልረሱትም። ኤልዲኤል መጥፎው ኮሌስትሮል የሚባለው ነው፤ ትራይግሊሰራይድ ከ400 ሲበልጥ የተለመደው የኤልዲኤል ስሌት ስለማይሠራ ነው።

ቀጥሎ ምክንያቱን ፈልጉ። ያልተቆጣጠሩት ስኳር፣ አልኮል፣ የታይሮይድ ማነስ፣ የኩላሊት ሕመም፣ ኢስትሮጅን ያለበት ኪኒን፣ ስቴሮይድ፣ አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች፣ ሁሉም ቁጥሩን ሊሰቅሉት ይችላሉ። ስኳሩ ሲስተካከል ብቻ ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ዱብ ያለላቸው ሰዎች አይቻለሁ። እነሱ ሙከራ አላስፈለጋቸውም። በዘር የሚመጣም አለ። ከሁሉም የከፋው ዓይነት ግን በጣም ብርቅ ነው፤ ከሚሊዮን ሰው አንድ ወይም ሁለት ቢገኝ ነው። ፌኖፋይብሬትና ኦሜጋ 3 የመሳሰሉት የቆዩ መድኃኒቶች እነዚህን ሰዎች ብዙም አይረዱም።

አዲሶቹ መድኃኒቶች በሌላ በር ነው የሚመጡት። ጉበታችን አፖሲ-3 የሚባል ፕሮቲን ይሠራል። ይህ ፕሮቲን ቅባት ከደም እንዳይጠራ ፍሬን ይይዛል። በ2008 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ በሚኖሩ አሚሽ የሚባሉ የክርስቲያን ማኅበረሰብ አባላት ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከመካከላቸው የዚህ ፕሮቲን ዘረ መል አንዱ ቅጂ የማይሠራላቸው ሰዎች እንዳሉና ትራይግሊሰራይዳቸውም ዝቅተኛ እንደሆነ አሳየ። ታዲያ ፍሬኑን በመድኃኒት ብናላላውስ? ሐሳቡ ይኸው ነው። መርፌው ጉበት ፕሮቲኑን እንዲሠራ የሚያዘውን መልእክት ያጠፋል። ኦሌዛርሰን የሚባለው፣ በወር አንዴ ከቆዳ ሥር የሚወጋ መርፌ፣ በታኅሣሥ ወር 2024 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ለዚያ ብርቅ የዘር ሕመም ተፈቅዷል። ከእሱ በፊት የመጣው ቮላኔሶርሰን ግን በአንዳንድ ሰዎች ላይ ደም የሚያረጉትን ፕሌትሌቶች ቁጥር በጣም ቀንሷል። እኛ ዘንድ በየቀጠሮው ፕሌትሌት ሲቆጠር ያ ደም ለምንድነው ብላችሁ እንዳትገረሙ።

አሁን ወደ ስምምነት ቅጹ። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ቅጹ ረጅም ነው፣ ገጹ ያሰለቻል፣ ቢሆንም ቤት ውሰዱት። እኔ በሰጠሁበት ቀን የፈረመ ሰው ያስጨንቀኛል። አንድ ሰውዬ እስክሪብቶ ከእጄ ተቀብለው «እናንተን አምኛለሁ» ብለው ሊፈርሙ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። «ጋሼ፣ እኔን ማመን አያስፈልግም፣ ወረቀቱን ያንብቡት» አልኳቸው። ከሦስት ቀን በኋላ ከልጃቸው ጋር ስድስት ጥያቄ ጽፈው መጡ። በጣም ደስ አለኝ።

እናንተም ጻፉ። ሙከራው ስንተኛ ደረጃ ላይ ነው? በመጀመሪያው ደረጃ የሚታየው በዋናነት የመድኃኒቱ ደኅንነት ነው። በሦስተኛው ብዙ ሰዎች ይገባሉ፣ ይሠራል ወይ የሚለው በደንብ ይፈተናል። ከእኔ በፊት ስንት ሰው ወስዶታል፣ ምን ደረሰባቸው? የትኛው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ነው የፈቀደው፣ ስልኩስ? ብጎዳ ማን ያሳክመኛል? ሙከራው ሲያልቅ መድኃኒቱን ማግኘት እቀጥላለሁ? ለመውለድ ያሰባችሁ ደግሞ የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚለውን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡ። በማንኛውም ቀን፣ ምክንያት ሳትሰጡ፣ መውጣት ትችላላችሁ። መደበኛ ሕክምናችሁም በዚህ ምክንያት አይቀርባችሁም። ይህንን የሚያሳንስባችሁ ሰው ካለ አትፈርሙ።

ከፈረማችሁ ምርመራ ይከተላል። በባዶ ሆድ ደም የምንወስደው አንዴ ብቻ አይደለም። ትራይግሊሰራይድ ከቀን ቀን ይዘላል፣ በአንድ ቁጥር መወሰን አይቻልም። ከዚያ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሳምንታት ምግባችሁንም የቆዩ መድኃኒቶቻችሁንም ሳትለዋውጡ ትቆያላችሁ። ከደም ምርመራው በፊት ከ8 እስከ 12 ሰዓታት ለሚሆን ጊዜ ምግብ አይበላም፣ ውሃ ግን ጠጡ። ቀምሳችሁ ከመጣችሁ ንገሩኝ። ሌላ ቀን እቀጥራችኋለሁ፣ ማንም አይቆጣችሁም።

ከዚያ ዕጣ ነው። ዕጣውን የሚያወጣው ኮምፒውተር ነው። ወይ መድኃኒቱ ይደርሳችኋል፣ ወይ ማስመሰያው፣ ፕላሴቦ የምንለው። እኔም ሐኪሙም የቱ እንደደረሳችሁ አናውቅም። እዚህ ጋ ሰዎች በጣም የሚከብዳቸው ነገር አለ፤ የቅባት ቁጥራችሁ ይደበቃል። በየቀጠሮው ደም እንወስዳለን፣ ውጤቱ ግን እኛ ዘንድ አይመለስም። ቁጥሩ በጣም ከወረደ መድኃኒቱ እንደደረሳችሁ ይታወቃላ! ቁጥሩ ለአደጋ ከደረሰ ብቻ ማስጠንቀቂያ ይመጣልናል።

አንዲት ሴት አላስችል ብሏት ውጭ ላቦራቶሪ ተመርምራ፣ ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። ፊቷ በርቷል። «ሲስተር፣ ተመልከቺ!» ዓይኔን ሳላነሳ ቁጥሩን አየሁት። ደስታዋ ገባኝ፣ ስንት ጊዜ በቆሽት ሕመም እንደተኛች አውቃለሁ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷም እኔም አወቅን። ለተመራማሪዎቹ ማሳወቅ ነበረብኝ፣ እሷን የሚያይ ሌላ ነርስም ተመደበ። ስለዚህ እባካችሁ፣ ውጭ አትመርመሩ። ሌላ ሐኪም ደም ካዘዘላችሁ በሙከራ ላይ እንደሆናችሁ ንገሩት፣ የቅባቱን ውጤትም እንዳያሳያችሁ ለምኑት።

ሁለተኛው ከባድ ነገር እውነቱን መናገር ነው። ኪኒን የሚሰጥበት ሙከራ ላይ ጠርሙሱ ሲመለስ እንቆጥራለን። አንድ ወጣት «አንዱንም አላጎደልኩም» አለኝ። 12 ፍሬ መቅረት ሲገባው 31 ቆጠርኩ። አንገቱን ደፋ። ሥራ ቦታ ጓደኞቹ ፊት መዋጥ አፍሮ ነበር። ሰዓቱን ወደ ማታ ቀየርነው፣ አለቀ። ባይነግረኝ ኖሮ ግን «መድኃኒቱ አይሠራም» የሚል ውሸት በእሱ ደም ይጻፍ ነበር። አልኮል ጠጥታችሁ ከሆነ፣ ሌላ መድኃኒት ጀምራችሁ ከሆነ፣ ባህላዊ መድኃኒትም ቢሆን፣ ተናገሩ። መርፌ የተወጋችሁበት ቦታ ቢቀላ፣ ድድ ቢደማ፣ ያለ ምክንያት ቆዳችሁ ቢበልዝ፣ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ደውሉ። «ትንሽ ነገር ነው» ብላችሁ አትተዉት። ትንሽ መሆን አለመሆኑን ሐኪሙ ይወስን።

የሙከራ ካርዳችሁን ከኪሳችሁ አትለዩት። ከላይኛው ሆዳችሁ ተነስቶ ወደ ጀርባ የሚወጋ ከባድ ሕመም ከያዛችሁ፣ በተለይ ማስታወክ ካለው፣ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። እኔን ለመደወል ጊዜ አታጥፉ። እዚያ ስትደርሱ «ትራይግሊሰራይዴ በጣም ከፍተኛ ነው» በሉ። ምክንያቱም ነጩ ደም ማሽኑን ያሳስተዋል። የቆሽት መቆጣት የሚታወቅበት አሚሌዝ ጤነኛ መስሎ ሊወጣ ይችላል፣ ሶዲየምም ያለ አግባብ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። ሐኪሙ ይህን አስቀድሞ ካወቀ በአንድ ቁጥር አይታለልም።

መጨረሻው ቀን መጨረሻ አይደለም። እነዚህ መርፌዎች ሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሚቆዩ፣ የመጨረሻውን ከተወጋችሁ በኋላም ለወራት ልንጠራችሁ እንችላለን። ቅሩ የሚላችሁ ሥራ ይበዛል፣ እናንተ ግን ኑ። ያቋረጣችሁም ብትሆኑ ለደኅንነት ምርመራው ብቅ በሉ። ስልካችሁን ከቀየራችሁ ንገሩን። ሙከራው ሁሉም ቦታ ተዘግቶ ምሥጢሩ ሲፈታ የቱ እንደደረሳችሁ እንዲነገራችሁ ከአሁኑ አስመዝግቡ። የሚሰጣችሁን ወረቀት ኮፒ አድርጉ፣ አንዱን ለራሳችሁ አስቀምጡ፣ ሌላውን በፊት ሲያክማችሁ ለነበረው ሐኪም ስጡት።