«መግለጫው ምንም የለውም» ለምትሉ፦ ለውድድር ሕግ ተሟጋቾች ችግርና መፍትሄ

ለንግድ ማህበር፣ ለሸማቾች ወይም ለአንድ ዘርፍ ቆማችሁ ስለ ፍትሐዊ ውድድር የምትከራከሩ ከሆነ፣ የሥራችሁ ጥሬ ዕቃ ግማሹ በነጻ ቴሌግራም ላይ ተለጥፎላችኋል። ግን ብዙዎቻችን የመንግሥትን መግለጫ እንደ ዜና ነው የምናነበው። ሚኒስቴሩ ገለጸ፣ አሳሰበ፣ አስጠነቀቀ። አንብበን ሼር አድርገን እናልፋለን። ለተሟጋች ግን መግለጫ ማለት መሥሪያ ቤቱ ሥልጣኑ እስከምን ድረስ እንደሆነ፣ ምን እንዳስጨነቀውና ቀጥሎ ወዴት ሊሄድ እንዳሰበ በራሱ አፍ የተናገረበት ወረቀት ነው።

ሥራው ላይ ደጋግመው የሚያጋጥሙ እንቅፋቶችን ከነምክንያታቸውና ከነመፍትሄያቸው እነሆ። ምሳሌዎቹ የአገር ቤት ናቸው፤ አንዴ ብቻ ናይሮቢ ደርሰን እንመለሳለን። ዋናው መሣሪያችን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው። ሦስት አንቀጾችን በቃላችሁ ያዙ፦ አንቀጽ 5 የገበያ የበላይነትን አላግባብ መጠቀም፣ አንቀጽ 7 ፀረ ውድድር ስምምነት፣ አንቀጽ 8 ተገቢ ያልሆነ የንግድ ውድድር።

ችግር 1፦ «እርምጃ ተወሰደ» ይላል፤ ታዲያ ምኑን ልያዝ?

ይሄ በጣም የተለመደው ነው። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በኋላ የነበሩትን ሳምንታት አስታውሱ። ዋጋ ጨመሩ፣ ምርት ደበቁ በተባሉ ነጋዴዎች ላይ እርምጃ ስለመወሰዱ መግለጫ በመግለጫ ላይ ይወርድ ነበር። የመግለጫው ቅርጽ ሁሌም አንድ ነው፦ ይህን ያህል ድርጅት ታሸገ፣ ይህን ያህሉ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፣ ኅብረተሰቡም ጥቆማ በመስጠት ይተባበር።

ምንም የማይያዝ የሚመስለው ለምንድን ነው? ሦስት የተለያዩ ነገሮች አንድ ከረጢት ውስጥ ስለተከተቱ ነው። ዋጋ ስለማይለጥፍ የታሸገ ሱቅ፣ ዘይት ሸሽጎ የተገኘ መጋዘንና ከተፎካካሪዎቹ ጋር ተመካክሮ በአንድ ቀን ዋጋ የጨመረ አስመጪ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአብዛኛው የሸማች ጥበቃ ጉዳይ ናቸው። የውድድር ሕጉ ዋነኛ ጉዳይ ሦስተኛው ነው። ብቻውን ሆኖ ዋጋ የጨመረ ነጋዴ ደግሞ የበላይነት ከሌለውና ከማንም ጋር ካልተስማማ፣ ስግብግብ ብትሉትም በአንቀጽ 5 ወይም 7 ለመክሰስ ያስቸግራል። መግለጫው ይህን አይለይላችሁም፤ መለየት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

መፍትሄው፦ መግለጫውን አትሙትና እስኪርቢቶ ይዛችሁ እያንዳንዱን ግስ አስምሩበት። «አሸገ»፣ «ወረሰ»፣ «አስጠነቀቀ»፣ «ከሰሰ»። ከጎኑ ማን አደረገው ብላችሁ ጻፉ፤ የንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው፣ የክልል ወይም የከተማ ንግድ ቢሮ ነው፣ ወይስ ፖሊስ የተቀላቀለበት ግብረ ኃይል? ቀጥሎ በየትኛው አንቀጽ? እዚህ ቦታ ላይ ባዶ ሆኖ የቀረ ሳጥን ካገኛችሁ የምትፈልጉትን አገኛችሁ ማለት ነው። ሺህ ሱቅ አሽጎ አንድም ጊዜ አንቀጽ 7ን ያልጠቀሰ መሥሪያ ቤት ካርቴል (በዋጋ የተመሳጠሩ ተፎካካሪዎችን) እያደነ ሳይሆን ቸርቻሪ እያሯሯጠ ነው ብላችሁ በራሱ ወረቀት መከራከር ትችላላችሁ። ይሄ ደግሞ «መንግሥት ሥራውን አይሠራም» ከሚለው ጩኸት በብዙ እጥፍ ይጎዳል፣ ማለቴ ይሠራል።

ችግር 2፦ ደስ የሚል መግለጫ ወጣ፤ «ነጋዴዎች ዋጋ ላለመጨመር ተስማሙ»

ደስ አይበላችሁ። ቢያንስ ለአምስት ደቂቃ።

አዳራሽ ውስጥ አስመጪዎች፣ ጅምላ አከፋፋዮችና አምራቾች ከባለሥልጣን ጋር ተቀምጠው ይመክራሉ። ፎቶ አለ፣ ባነር አለ፣ የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። ማምሻውን «በዋጋ ላይ የጋራ መግባባት ላይ ተደረሰ» የሚል መግለጫ ይወጣል። አሁን አንቀጽ 7ን አንብቡት። ተፎካካሪዎች ዋጋን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ እንዳይወስኑ ይከለክላል፤ ቅጣቱም እስከ ዓመታዊ ሽያጭ 10 በመቶ ሊደርስ ይችላል። አዋጁ መልሶ ለመሠረታዊ ሸቀጦች መንግሥት ራሱ ዋጋ የሚተምንበት የተለየ መንገድ አለው። አዳራሽ ውስጥ የተደረገው የትኛው ነው? ሕጋዊ ተመን ነው፣ ወይስ ተፎካካሪዎች ባለሥልጣን እያያቸው የተስማሙበት ዋጋ?

ክፋት አለበት እያልኩ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ሐሳቡ ኑሮ ውድነትን ማርገብ ነው። ጣጣው ግን አለ። ዛሬ «ላለመጨመር» የተገናኙ ሰዎች ስልክ ተለዋውጠዋል፣ አንዱ የሌላውን ወጪ ሰምቷል፣ የጋራ ዋጋ ምን እንደሆነም ሁሉም አውቋል። ነገ «ለመጨመር» ለመገናኘት ባለሥልጣንም አዳራሽም አያስፈልጋቸውም።

ስለዚህ የተሳታፊዎቹን ዝርዝር ከመግለጫውና ከፎቶው ላይ ያዙ። ከዚያ ቀን በኋላ የሦስት ወር የገበያ ዋጋ ተከታተሉ። ከስብሰባው በፊት የተለያየ የነበረው ዋጋ ከስብሰባው በኋላ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ለሚኒስቴሩ የምትጽፉት ነገር አገኛችሁ። ደብዳቤው ክስ አይሁን። «እንዲህ ያለ ምክክር ሲደረግ የውድድር ሕግ ባለሙያ ይገኝ፤ ስለ ወደፊት ዋጋና ወጪ ተፎካካሪዎች ፊት ለፊት አይነጋገሩ፤ እያንዳንዱ ለብቻው ለመሥሪያ ቤቱ ያቅርብ» በሉ። ይህን ጥያቄ እምቢ ለማለት ከባድ ነው። የማህበር ጸሐፊ የሆናችሁ ደግሞ የራሳችሁን መግለጫ ከመለጠፋችሁ በፊት በዚሁ መነጽር እዩት። «አባሎቻችን በዋጋ ተስማምተናል» ብሎ በኩራት የለጠፈ ማህበር ማስረጃውን በገዛ እጁ አቀረበ ማለት ነው።

ችግር 3፦ መግለጫው ለብቻው ምንም አይናገርም

ልክ ነው፣ አይናገርም። ለብቻው ስላነበባችሁት ነው።

ቴሌኮምን እንውሰድ። ግንቦት 3 ቀን 2013 ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ጀመረ። ግንቦት 14 ቀን 2013 መንግሥት ሳፋሪኮም ያለበት ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ማሸነፉን አስታወቀ። ያ ፈቃድ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎትን አልያዘም ነበር። ሁለቱን ለየብቻ ስታነቧቸው ሁለቱም የምሥራች ናቸው፤ አንዱ የዲጂታል ክፍያ መጀመር፣ ሌላው የሞኖፖሊ ማብቃት። ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ግን በ11 ቀን ልዩነት ነባሩ ኩባንያ የጀመረውን ሥራ መጪው ተፎካካሪ እንዳይሠራው ሆኖ መግባቱ ይታያል። ከዚያ ቀጥሉ፦ ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው መስከረም 26 ቀን 2015 ነው። ብሔራዊ ባንክ ለኤምፔሳ፣ ለሳፋሪኮም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት፣ ፈቃድ የሰጠው ግንቦት 2015፣ አገልግሎቱ የተጀመረው ነሐሴ 2015። ማለትም በሞባይል ገንዘብ ነባሩ ከሁለት ዓመት በላይ ቀድሞ ሮጧል።

ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ አገር በቀል ኩባንያ እስኪጠነክር ጊዜ መስጠት ራሱን የቻለ የፖሊሲ ምርጫ ነው የሚሉ አሉ። የኔ ነጥብ ሌላ ነው። ከአምስቱ መግለጫዎች አንዱም «የበላይነት» ወይም «ውድድር ተገደበ» ማለት አያስፈልገውም። ቀኖቹን ስትደረድሯቸው ጥያቄው ራሱ ይወጣል።

መፍትሄው ተራ ሠንጠረዥ ነው፣ ኤክሴል ይበቃል። ቀን፣ የወጣበት መሥሪያ ቤት፣ ምን ተባለ፣ ማን ተጠቀመ፣ ማን አልተጠቀሰም፣ የመረጃው ሊንክ። ስድስት ዓምድ። «ማን አልተጠቀሰም» የሚለውን ዓምድ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምወደው እሱን ነው።

ችግር 4፦ ሁሌ ዘግይተን እንደርሳለን

ሕጉ ጸድቆ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ አቋም መግለጫ የሚያወጣ ማህበር ሞልቷል። ምክንያቱ የመግለጫውን ደረጃ አለማንበብ ነው። «በጥናት ላይ ነው» ከተባለ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ባለሙያዎቹን ፈልጉ፣ ቁጥር ስጧቸው፣ አሁን ይሰሟችኋል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ከስብሰባው በኋላ በሚያወጣው መግለጫ ረቂቁ «ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲመራ» ወሰነ ካለ በሩ ገርበብ ብሏል፤ የቀራችሁ ቋሚ ኮሚቴው የሚጠራው የውይይት መድረክ ነው። ለምሳሌ የውጭ ባንኮችን የሚያስገባው የባንክ ሥራ አዋጅ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ያለፈው በ2016 ክረምት መግቢያ ላይ ነበር፤ የጸደቀው ደግሞ ታህሳስ 8 ቀን 2017። ወራት ነበሩ። ዝም ብለው ነው ያለፉት፣ ለብዙዎቻችን።

መመሪያ ከሆነ ደግሞ ፓርላማ ስለማይሄድ ይፈጥናል። ወጪ፣ ገቢ፣ ጅምላና ችርቻሮ ንግድን ለውጭ ባለሀብት የከፈተው መመሪያ ቁጥር 1001/2016 ያለ ፓርላማ ክርክር የወጣ ነው። ስለዚህ «መመሪያ እየተዘጋጀ ነው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር መግለጫው መጨረሻ ላይ ካያችሁ፣ የመግለጫው ዋና ዜና እሷ ናት።

ችግር 5፦ ደብዳቤያችን የተሳሳተ በር አንኳኳ

ባጭሩ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን የሚባል ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ነበር። በአዋጅ 1263/2014 ሥራው ወደ ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተጠቃልሏል። ከዚያ በፊት የወጡ መግለጫዎችን ስትጠቅሱ የድሮውን ስም ጻፉ፤ ማመልከቻውን ግን ለአሁኑ። ይህን ስታነቡ አዲስ አዋጅ ወጥቶ ከሆነም ነጋሪት ጋዜጣውን ቀድማችሁ እዩ።

ዓመቱንም ተጠንቀቁ። 813/2006 በእንግሊዝኛው 813/2013 ተብሎ ነው የሚጠራው፣ ጋዜጣው ላይ የወጣው ግን መጋቢት 12 ቀን 2006፣ በፈረንጆቹ ማርች 2014 ነው። እናም 813/2014 ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም። ሠንጠረዣችሁን በአንድ የዘመን አቆጣጠር ብቻ ያዙ።

ችግር 6፦ ትናንት ያየሁት ፖስት ዛሬ የለም

ይጠፋል፣ ይስተካከላል፣ ቁጥሩ ይቀየራል። ባያችሁበት ደቂቃ ስክሪንሾት ከነቀኑ፣ ሊንኩ፣ ከተቻለ የኢንተርኔት ማኅደር ላይ የተቀመጠ ቅጂ ያዙ። ቴሌግራም የተስተካከለ ጽሑፍን ምልክት ያደርግበታል፤ ምልክቱን ካያችሁ ምን እንደተለወጠ ከቅጂያችሁ ጋር አስተያዩ። አንዳንዴ የተሰረዘው ዓረፍተ ነገር ከቀረው ይበልጣል።

ችግር 7፦ ጻፍን፤ መልስ የለም

የላካችሁትን ደብዳቤ መልሳችሁ አንብቡት። «ገበያው ላይ ኢፍትሐዊ አሠራር ስላለ አስቸኳይ መፍትሄ ይሰጠን ዘንድ በትሕትና እንጠይቃለን» ከሆነ የሚለው፣ ምን ብለው ይመልሱላችሁ? ጥያቄ የለውም።

የመረጃ ነጻነት አዋጅ 590/2000ን ተጠቀሙ። የሚዲያው ክፍል በሌላ አዋጅ ቢተካም መረጃ የማግኘት መብቱ አለ፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፣ ጥያቄውን የሚቀበለውም የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው። አያችሁ፣ መግለጫውን የጻፈው ሰው ራሱ ነው! እንዲህ ጻፉ፦ «በዚህ ቀን ባወጣችሁት መግለጫ በዚህ ያህል ድርጅቶች ላይ እርምጃ መወሰዱን ገልጻችኋል። ከእነዚህ ውስጥ በአዋጅ 813/2006 አንቀጽ 5፣ 7 እና 8 የተያዙት ስንት ናቸው? ስንቱስ ውሳኔ አገኙ?» እምቢ ካሉ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይቻላል።

ምን ዓይነት መግለጫ እንደምትፈልጉ ለማሳየት የጎረቤትን ወረቀት አያይዙ። የኬንያ ውድድር ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2023 ላይ የካርፉርን ሱፐርማርኬቶች የሚያስተዳድረውን ማጂድ አል ፉታይምን 1.1 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ገደማ ሲቀጣ፣ የተጎዱት አቅራቢዎች እነማን እንደሆኑ (አንዱ የዘይት፣ አንዱ የማር)፣ ድርጊቱ ምን እንደነበርና ውሉ እንዲሻሻል መታዘዙን ጭምር በይፋ ተናግሯል። ማር አቅራቢ ላይ ያለአግባብ ቅናሽ መጫን ምን እንደሚመስል ያነበበ ሌላ አቅራቢ የራሱን ውል አውጥቶ ያያል። «ሕገ ወጦች ላይ እርምጃ ተወሰደ» ከሚለው ግን ማንም ምንም አይማርም።

ድንበር ተሻጋሪ የኩባንያ ውህደት ከሆነና አገር ውስጥ ወሬው ከሌለ፣ ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ያለው የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) የውድድር ተቆጣጣሪ የሚያወጣቸውን የውህደት ማስታወቂያዎች ተመልከቱ፤ ኢትዮጵያ አባል ናት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ፦ መግለጫ የመንግሥትን አቋም ያሳያል እንጂ የነጋዴውን ጥፋት አያረጋግጥም። ስሙ የተጠራ ድርጅት ውሳኔ እስኪሰጥበት «ተጠርጣሪ» ነው፤ በእናንተ ጽሑፍ ውስጥ «ጥፋተኛ» ብላችሁ ከጻፋችሁ የስም ማጥፋቱ ክስ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው። መልሱ ደግሞ በደብዳቤ ላይመጣ ይችላል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ «አንዳንድ አካላት ላነሱት ጥያቄ» የሚል ፖስት ካያችሁ፣ አንዳንድ አካላት የተባላችሁት እናንተ ናችሁ፤ ስክሪንሾቱን አንሱና ሠንጠረዡ ላይ አስገቡት።