ጀማሪ አዋቂን በሰላም ውኃ ላይ ማውጣት፦ ለበጎ ፈቃደኛ የቀዘፋ ክለቦች

በበጎ ፈቃደኞች በሚመራ የቀዘፋ ክለብ ውስጥ ትልቁ እጥረት ጀልባ ሳይሆን ጊዜ ያለው ነባር ቀዛፊ ነው። ስለዚህ ጀማሪዎችን የምትቀበሉት መደርደሪያው ላይ ባሉት ጀልባዎች ልክ ሳይሆን አብሯቸው በሚወጣው ሰው ልክ ይሁን። ለአራት ሰው ጀልባ ሁለት ነባርና ሁለት ጀማሪ ጥሩ ድልድል ነው፤ ጀማሪዎቹ ሲቀዝፉ ነባሮቹ መቅዘፊያቸውን ውኃው ላይ አስተኝተው ሚዛን ይጠብቃሉ። አራት ጀማሪ በአንድ ጀልባ ከተጫነ ሚዛን የሚይዝ ይጠፋል፤ ሁሉም በፍርሃት እንደ ደረቀ ይመለሳል፣ ትምህርትም አይገባውም።

ከምዝገባ በፊት ሁለት ነገር ይጣራ። አንደኛ፣ ቀለል ያለ ልብስ እንደ ለበሰ 50 ሜትር መዋኘት ይችላል ወይ? ሁለተኛ፣ የልብ ሕመም፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ ወይም የወገብ ችግር አለበት ወይ? አዋቂ ሰው ይህን በሌሎች ፊት ሲጠየቅ ይደብቃልና ለብቻው ጠይቁት።

የመጀመሪያው ትምህርት የብስ ላይ፣ በቀዘፋ ማሽን ነው። የአየር መቆጣጠሪያውን ከ3 እስከ 5 ባለው ላይ አድርጉት። ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ 10 ይወስደዋል፤ ትርፉ ግን የወገብ ሕመም ነው። ሲገፉ ቅደም ተከተሉ እግር፣ ጀርባ፣ ክንድ ነው፤ ሲመለሱ ደግሞ ክንድ፣ ጀርባ፣ እግር። በደቂቃ ከ18 እስከ 20 ቀዘፋ ይበቃል። ዓይናችሁ ጉልበቱ ላይ ይሁን፦ ሲመለስ ጉልበቱ ከእጁ ቀድሞ ከታጠፈ እጀታው ይሰናከልበትና ሊያሳልፈው ወደ ላይ ያነሣዋል። ጀልባ ላይ እጀታ ወደ ላይ ሲነሣ የመቅዘፊያው ጠፍጣፋ ጫፍ ወደ ውኃው ይወርዳል፤ ስለዚህ ይህን ልማድ እዚያው ማሽኑ ላይ ንቀሉት። የታፋው ጅማት ወይም ቁርጭምጭሚቱ የማይታዘዝለት ሰው ካለ ወደ ፊት እንዲጎነበስ አታስገድዱት፤ የእግር ማሳረፊያውን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ጀልባዋ ከመውጣቷ በፊት የምትፈተሸው በእጅ ነው፤ ማየት ብቻ አይበቃም። ከሁሉ በፊት ወደ ጫማዎቹ ሂዱ። የእያንዳንዱ ጫማ ተረከዝ ከማሳረፊያው ጋር በክር ታስሯል። ተረከዙን በጣት ወደ ላይ ስትስቡት ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ተነሥቶ መቆም አለበት። ይህ ክር ጀልባ ሲገለበጥ ተረከዙን ይዞ ስለሚያስቀር እግር በራሱ ሾልኮ ይወጣል። ክሩ ከተበጠሰ ወይም ከላላ ጫማው ከእግር ጋር አብሮ ይታጠፋል፤ ሰውየውም ተዘቅዝቆ ማሰሪያ ለመፍታት ይታገላል። ክሩ እስኪቀየር ጀልባዋ አትወጣም፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ከዚያ አፍንጫዋ (የጀልባዋ የፊት ጫፍ) ላይ ያለውን የጎማ ኳስ ነቅንቁት። የአየር ክፍሎቹን ክዳኖች አጥብቁ፤ ስትገለበጥ የሚያንሳፍፋት እዚያ የታፈነው አየር ነው። መቅዘፊያ ተሸካሚ ብረቶቹን የያዙ ብሎኖች በብዙ ጀልባዎች ላይ በ10 ቁጥር ቺያቬ ይጠብቃሉ። ዳዶው በጣት እስኪቆም ይዙር፣ ከዚያ በቺያቬ ጥቂት ይጠበቅ። ከመጠን በላይ ከተጠበቀ ጥርሱ ይበላል፣ ወይም አካሏ ይሰነጠቃል። በብረቶቹ ጫፍ ላይ ያሉት፣ መቅዘፊያው የሚገባባቸው መያዣዎች ወደ ጀልባዋ ኋላ ማየታቸውን አረጋግጡ፤ ተገልብጠው ከተገጠሙ ቀዛፊው ያለምክንያት ሲቸገር ይውላል።

ተሸክሞ ሲወጣ ትእዛዝ ሰጪው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሁለት ሰው ካዘዘ ግማሹ ሲያነሣ ግማሹ ያወርዳል።

ሲሳፈሩ ጀማሪው ሁለቱንም እጀታዎች በአንድ እጁ አጣምሮ ይያዝ። እግሩ የሚያርፈው በመቀመጫው ሐዲዶች መካከል ባለው መርገጫ ላይ ብቻ ነው፤ ከእሱ ውጪ ያለው ወለል ስስ ስለሆነ ይቀደዳል። እጀታ ያልለቀቀና ጠፍጣፋዎቹን ውኃው ላይ ያስተኛ ሰው በቀላሉ አይገለበጥም። ይህን በቃል ከምትነግሩት አሳዩት፦ ጀልባዋን ከመድረኩ ሳትለቁ አንዱን እጀታ ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ ያድርግ፣ ስታዘነብል ይሰማው፣ ከዚያ እኩል አድርጎ ያቃናት። አምስት ደቂቃ እንዲህ የተለማመደ ሰው ትከሻው ይፈታል። እጀታዎቹ ሲደራረቡ፣ በአብዛኞቹ ክለቦች እንደ ተለመደው፣ ግራ እጅ ከላይ ይሁን።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ችግር መቅዘፊያ ውኃ ውስጥ ተይዞ መቅረቱ ነው። ጠፍጣፋው ቀጥ ሳይል ሲገባ፣ ወይም ሳይወጣ ሲዞር ወደ ታች ይጠልቅና እጀታው ደረት ይመታል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ እጀታውን ጨምድዶ መያዝ ነው። በጣቶቹ ይያዘው፤ መጀመሪያ ወደ ታች ይጫን፣ ከወጣ በኋላ ያዙረው። ከተያዘ ሁሉም ይቁም እንጂ አትታገሉት።

ጀልባዋ ከተገለበጠች መመሪያው አንድ ነው፦ ከጀልባዋ አትራቁ። ዳርቻው ቅርብ ቢመስልም ወደዚያ መዋኘት አይገባም፤ ቀዝቃዛ ውኃ በመጀመሪያው ደቂቃ ትንፋሽ ይነጥቃል፣ ቀጥሎም ክንድን ያደክማል። ደረትን ጀልባዋ ላይ አውጥቶ፣ ትንፋሽን አረጋግቶ፣ ሁሉም የመቀመጫ ቁጥሩን ይጥራ። ነጎድጓድ ከተሰማ ወዲያው ከውኃው ውጡ፤ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትመለሱ።

ስትመለሱ ጀልባዋን በንጹሕ ውኃ እጠቡ፣ ሐዲዶቹን ጥረጉ፣ የአየር ክፍሎቹን ክዳኖች ከፍታችሁ እርጥበቱ እንዲወጣ ተዉአቸው። ጉዳት ካለ የጀልባዋ ስም፣ የመቀመጫው ቁጥርና የተበላሸው ነገር መዝገብ ላይ ይስፈር፤ ነገ የሚመጣው ሌላ በጎ ፈቃደኛ ስለሆነ በቃል የተነገረው አይደርሰውም። አፍንጫዋ ላይም «አይወጣም» የሚል ካርድ ይንጠልጠል፤ የሚያወርደውም ጠግኖ መዝገቡ ላይ የፈረመው ሰው ብቻ ይሁን።