የከተማ ፊልም ፌስቲቫል ሲያዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ ፊልም የሚወዱ ወጣቶች በተሰበሰቡበት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ ለምን የራሳችን የፊልም ፌስቲቫል አይኖረንም? ደብረ ማርቆስም፣ ፍኖተ ሰላምም የሚጠየቀው ይኸው ነው። ጥያቄው ደስ ያሰኘኛል። ግን ብዙዎቻችን ፌስቲቫል ሲባል የሚታየን ቀይ ምንጣፍ፣ ዋንጫና ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዝነኛ ተዋናይ ነው። ፌስቲቫል ለአንድ ከተማ ሕዝብ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው እኔ የምመክረው የኤልጂቢቲ ሰዎች፣ ማለትም የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችና ትራንስጀንደር ሰዎች፣ በየከተማቸው ያቋቋሟቸውን ፌስቲቫሎች ታሪክ እንዲያነብ ነው። ሲኒማ ቤት ታሪካቸውን የማያሳይላቸው፣ ብዙ ቦታም ሕግ የሚያሳድዳቸው ሰዎች ከባዶ ተነስተው የገነቧቸው ስለሆኑ፣ ፌስቲቫል ያለ ጌጥ ምን እንደሆነ እዚያ ይታያል። የእነሱን መንገድ ከእኛ ልማድ ጋር ሳስተያየው እነዚህን ስህተቶች አገኛለሁ።

ገንዘብ እስኪሟላ መጠበቅ

ዛሬ ፍሬምላይን የሚባለው የሳን ፍራንሲስኮ ፌስቲቫል በዓይነቱ በዓለም ረጅም ዕድሜ ያለው ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1977 ሲሆን፣ ጥቂት ፊልም ሠሪዎች ሱፐር 8 በሚባል አነስተኛ የፊልም ካሜራ የቀረጿቸውን አጫጭር ሥራዎች አንሶላ ሰቅለው አሳዩ። ስፖንሰርም፣ ዋንጫም አልነበረም። በኋላ ግን ፌስቲቫሉ እ.ኤ.አ. በ1922 የተሠራውን ትልቁን የካስትሮ ቲያትር የሚሞላ ሆነ።

እኛ ዘንድ ኮሚቴው ገና ፊልም ሳይመርጥ የስፖንሰር ደብዳቤ ይዞ ከቢሮ ቢሮ መንከራተት ይጀምራል፤ በዚያው ይደክመውና ይበተናል። ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ቢገኝ እሰየው። ካልተገኘ የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ አንድ ፕሮጀክተር፣ ሁለት ስፒከርና መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተር ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። ጄኔሬተሩን ግን ነገ ዛሬ አትበሉ፤ አስቀድማችሁ ሞክሩት።

ፊልሙ ሲያልቅ ሕዝቡን መሸኘት

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። የመጨረሻው ጽሑፍ ሳያልቅ መብራት ይበራል፣ ወንበር ይጎተታል፣ ሰው ወደ ባጃጅ ይሮጣል። ፊልሙን ብቻ ከሆነ ስልኩ ላይም ያየው ነበር።

የኤልጂቢቲ ፌስቲቫሎች ዋና ሥራ ከፊልሙ በፊትና በኋላ ያለው ነው። ከትንሽ ከተማ የመጣ፣ ስለ ራሱ ለማንም ተናግሮ የማያውቅ ወጣት እሱን የሚመስል ሰው መኖሩን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያውቀው እንዲህ ባለ አዳራሽ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኤድስ ሲስፋፋ ደግሞ እነዚህ መድረኮች የሐዘን ቦታም፣ የመረጃ ቦታም ሆኑ። ጋዜጣ ሊጽፈው ያፈረውን፣ ቤተሰብ የደበቀውን ሕመም በፊልም አይተው እዚያው ተነጋገሩበት። እኛም ይህን ዝምታ እናውቀዋለን። ኤች.አይ.ቪ ጎጃም ውስጥ ቤት ለቤት በገባበት ዘመን ሟቹ በምን እንደሞተ ለቅሶ ቤት ደፍሮ የሚናገር አልነበረም፤ «ሳንባ ነው» ተብሎ ይታለፍ ነበር። ያን ጊዜ ሰዎች ተቀምጠው የሚነጋገሩበት አዳራሽ ቢኖር ስንት ሰው ብቻውን ባልሞተ ነበር!

በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ተማሪው ቅኔ ሲቀኝ ጉባኤው ዝም ብሎ አይሰማም። የሰመረለትን «ይበል!» ይለዋል፤ የተበላሸበትን መምህሩ ያርምለታል። ቅኔው የሚሞላው በሰሚው ነው፤ ፊልምም ከዚህ አይለይም። ስለዚህ ለውይይቱ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መድቡ። መድረክ መሪው ንግግር የሚወድ ሰው ሳይሆን ማዳመጥ የሚችል ሰው ይሁን። የክብር እንግዳ ንግግር ደግሞ ከነጭራሹ ቢቀር ይሻላል፤ የተመልካቹን ጊዜ ይበላል።

«ማኅበረሰቡ» አንድ ልብ አለው ብሎ ማሰብ

እ.ኤ.አ. በ1986 በሳን ፍራንሲስኮው ፌስቲቫል ላይ ለሴቶች በተዘጋጀ ፕሮግራም ውስጥ የወንዶችን ወሲብ የሚያሳይ ክፍል ያለው አጭር ፊልም ሲቀርብ ተመልካቾቹ ተነስተው በቁጣ ተቃወሙ። ነገሩ ከዚያ አንድ ፊልም በላይ ነበር። ለዓመታት ወንዶች የመረጡትን ሲያዩ የኖሩ ሴቶች «እኛስ?» ማለታቸው ነበር። የተገፋ ማኅበረሰብም በውስጡ የሚገፋቸው ሰዎች እንዳሉት አስታውሱ።

ባሕር ዳር ላይ ፊልም የሚመርጡት አምስት የዩኒቨርሲቲ ወንዶች ብቻ ከሆኑ የሚመጣው ሰው ከወዲሁ ይታወቃል። ከማታ 1 ሰዓት በኋላ የሚጀመር ፊልም ብዙ እናቶችንና ወጣት ሴቶችን ያስቀራል፤ እንቅስቃሴ በሚገደብበት ጊዜማ ሁሉንም ያስቀራል። ከቀኑ 8 ሰዓት ይጀመር። መስማት ለተሳናቸው የአማርኛ ጽሑፍ ከሥር ይኑር። ከአዊ ዞን የሚመጣ ፊልም ካለም በአገውኛ ይታይ፤ የምናነበው እኛ እንሁን።

ተመልካቹን ፎቶ ማንሳት

አዳራሹ መሙላቱን ለማሳየት የሰዉን ፊት ቀርጾ ቴሌግራም ላይ መልቀቅ ልማድ ሆኗል። ይህን ስህተት ማንም እንደ ቀላል እንዳያየው እለምናለሁ።

በአገራችን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በእስራት ያስቀጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ሰዎችን በስምና በፎቶ እያጋለጡ ለጥቃት የሚጣሩ ቪዲዮዎች በቲክቶክ ተሰራጭተው ነበር። ጎጃም ውስጥ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ የለም የሚል ሰው ጎረቤቱን አያውቅም። አሉ፤ የሰው ልጆች፣ የሰው ወንድሞችና እህቶች፣ አብረውን የተማሩ ናቸው። የሚኖሩት ግን ተደብቀው ነው። ስለ ምንም ጉዳይ በሚታይ ፊልም ላይ፣ አንድ ሰው ከማን ጋር እንደተቀመጠ የሚያሳይ ፎቶ ኑሮውን ሊያናጋው ይችላል። ከባሏ ሸሽታ የመጣች ሴትም፣ ቫይረሱ በደሙ ያለበት ሰውም እዚያው ተቀምጠው ይሆናል።

ፎቶ የሚነሳበትን አንድ ቦታ በር ላይ ለዩ፤ የፈለገ እዚያ ይነሳ። አዳራሹ ውስጥ ካሜራ አይግባ። የተመዝጋቢ ስምና ስልክ መሰብሰብም ለሥራው ካላስፈለገ ይቅር፤ ያልተጻፈ ዝርዝር ከማንም እጅ አይገባም። በውይይቱ ላይ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ነገር ተነስቶ አንዱ ስድብ ቢጀምር መድረክ መሪው ወዲያው ያስቁመው። አዳራሹ ውስጥ ስድቡ የሚነካው ሰው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ሊሆን ይችላልና።

ያለ ፈቃድ ማሳየት

ከቴሌግራም ያወረዱትን ፊልም ትኬት ሸጦ ማሳየት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብት መጣስ ነው። ለፊልም ሠሪው ጻፉለት፤ ብዙ ጀማሪዎች በነጻ ይፈቅዳሉ። ፍሬምላይን እ.ኤ.አ. በ1981 ፊልም ማከፋፈል ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ደግሞ ያላለቁ ፊልሞችን ለማስጨረስ ገንዘብ ይሰጣል። ፌስቲቫል የፊልም ሠሪውን እንጀራ የሚያስብ ሲሆን ነው የሚከበረው።

አንድ በር ሲዘጋ መበተን

ኬንያም የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በወንጀል የምትቀጣ አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2018 የሁለት ወጣት ሴቶችን ፍቅር የሚያሳየው «ራፊኪ» ታገደ። የፊልሙ ዳይሬክተር ዋኑሪ ካሂዩ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰደችው፤ ፍርድ ቤቱም እገዳውን ለ7 ቀን አነሳ። ናይሮቢ ላይ ሰው ተሰልፎ ገባ። ሰባት ቀን ትንሽ ነው፤ ያየው ሰው ግን አይቷል። እኛ ዘንድ አንድ ቢሮ «ቆይ» ሲል ኮሚቴው ወዲያው ይፈርሳል። የተከለከለው ምን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ፤ አዳራሹ ከሆነ ሌላ አዳራሽ፣ ቀኑ ከሆነ ሌላ ቀን ፈልጉ።

የታየውን አለማስቀመጥ

አውትፌስት የሚባለው የሎስ አንጀለስ ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ2005 ከዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ቤተ መዛግብት ጋር ሆኖ የኤልጂቢቲ ፊልሞችን ማዳን ጀመረ፤ ማንም ስላላስቀመጣቸው እየጠፉ ነበርና። የእኛ ወጣቶች ሥራዎችም አንድ ላፕቶፕ ሲበላሽ አብረው እየጠፉ ነው። ከእያንዳንዱ ፊልም፣ ባለቤቱ ከፈቀደ፣ ሁለት ቅጂ በሁለት ሃርድ ዲስክ ይቀመጥ፦ አንዱ ከኮሚቴው ጋር፣ ሌላው በባሕር ዳር ወይም በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት። ርዕሱን፣ ዓመቱንና የሠሪውን ፈቃድ በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አኑሩ።