ከወለሉ ወደ ላይ፦ ኮሪዶራስን ከተስማሚ ጎረቤቶች ጋር በትንሽ አኳሪየም እንዴት ማኖር ይቻላል

ኮሪዶራስ የተባለችውን ትንሽ የወለል ዓሣ መጀመሪያ የገዛሁት እንደ መጥረጊያ ነበር። ሻጩ «የወደቀውን ምግብ ትለቅምልዎታለች፤ ገንዳው ንጹሕ ይሆናል» አለኝ፤ አመንኩት። ብቻዋን ሹል ጠጠር ላይ ለቀቅኋት። ለእሷ ተብሎ የሚቀመጥ ምግብም አልነበረም። በሁለተኛው ወር ጢሞቿ አልቀው፣ ሆዷ ወደ ውስጥ ገብቶ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ገንዳ የማዘጋጀው ከታች ጀምሬ ነው፤ መጀመሪያ ወለሉ፣ ቀጥሎ የወለሉ ነዋሪ፣ በመጨረሻ ከላይ የሚዋኙት።

ኮሪዶራስ በደቡብ አሜሪካ ወንዞች የሚኖር የአምባዛ ወገን ነው። የጣናውና የሐዋሳው አምባዛ ከአንድ ሜትር በላይ ሲያድግ፣ ኮሪዶራስ ሰባት ሳንቲ ሜትር ከደረሰ በዘመዶቹ ዘንድ እንደ ትልቅ ይቆጠራል። የወገን መልኩ ግን አልጠፋም። ሁለቱም በጢማቸው እየዳሰሱ ምግብ ይፈልጋሉ፤ ሁለቱም ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አየር ይጎርሳሉ። ኮሪዶራስ የጎረሰውን አየር የሚጠቀምበት በአንጀቱ ነው። ስለዚህ አንዱ አልፎ አልፎ ተወርውሮ ወጥቶ ቢመለስ አይደንግጡ። ሁሉም በየደቂቃው የሚመላለሱ ከሆነ ግን ውሃው ተበላሽቷል ወይም ኦክስጅን አንሶታል ማለት ነው፤ ወዲያው ከፊሉን ውሃ ይቀይሩ።

ዝርያውን ለቤትዎ አየር ይምረጡ

ብዙ ሰው ዓሣውን ከገዛ በኋላ ቤቱን ለማሞቅ ይታገላል። በተገላቢጦሽ ቢሆን ይሻላል። አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ ከተማ ውስጥ ማታ ማታ የሚቀዘቅዝ ሳሎን ካለዎት «ፓሌያተስ» የተባለውን ነጠብጣባም ኮሪዶራስ ይፈልጉ። ቻርልስ ዳርዊን በቢግል መርከብ ጉዞው ሰብስቦት እ.ኤ.አ. በ1842 በሳይንስ የተገለጸው ዝርያ ይህ ነው። የመጣበት የላ ፕላታ ወንዝ አካባቢ ክረምቱ ቀዝቃዛ በመሆኑ ከ18 እስከ 23 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውሃ ውስጥ ደስተኛ ነው። ቆላ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ ደግሞ ሙቀት የሚችለውን «ስቴርባይ» ምረጡ፤ 27 ዲግሪም አያስጨንቀው። ከዚህ በታች የምጽፈው ስለ ፓሌያተስ ነው።

ወለሉ

ለኮሪዶራስ ከገንዳው ቁመት ይልቅ የወለሉ ስፋት ይበልጣል። 60 በ30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 54 ሊትር ይይዛል፤ ከዚህ ባያንስ ጥሩ ነው። ከነአሸዋው 60 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን የሚንገዳገድ ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጡት።

አሸዋው ሦስት ወይም አራት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃዋል። ቁም ነገሩ ልስላሴው ነው። በእርጥብ እጅዎ ጨብጠው ይሹት፤ የእርስዎን መዳፍ የሚቧጥጥ አሸዋ የእነርሱን ጢም ይቆርጣል። ሆምጣጤ ጠብ ያድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበትና ይተዉት። ፈተናውን ያለፈውን አሸዋ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግመው ይጠቡት፤ አሥር ጊዜ ቢሆንም አይሰልቹ። ከላዩ አንድ ሁለት ለስላሳ ድንጋይና መሸሸጊያ የሚሆን እንጨት ያስቀምጡ፤ አብዛኛው ወለል ግን ባዶ ይሁንላቸው።

ማሟሸት

አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ እንደማይጋገርበት ሁሉ አዲስ ገንዳም ሳይሟሽ ዓሣ አይገባበትም። የዓሣ ጽዳጅ አሞኒያ ይፈጥራል። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ ወደሚቀንሰው ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ውስጥ እስኪበዙ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ ያስገቡ፣ ባዶው ገንዳ ውስጥ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ይጨምሩ፣ በመመርመሪያ ጠብታም ይከታተሉ። አሞኒያውና ናይትራይቱ ዜሮ ሆነው ሲቆዩ ገንዳው ተሟሽቷል። የቆየ ገንዳ ያለው ወዳጅ ካለዎት ከማጣሪያው ቁራጭ ስፖንጅ ይለምኑት፤ ሥራው በጣም ይፋጠናል።

ነዋሪዎቹ

ኮሪዶራስ ብቻውን አይኖርም። ስድስት በአንድ ላይ ይግዙ፣ ሁሉም ከአንድ ዝርያ ይሁኑ። ከረጢቱን ገንዳው ላይ ለሩብ ሰዓት ያንሳፉት፣ ከገንዳው ውሃ ጥቂት በጥቂት ይጨምሩበት፣ ከዚያ ዓሣዎቹን በኩባያ ያዛውሯቸው። መረብ አልመክርም፤ የክንፋቸው እሾህ ይጠላለፍበታል፣ ጣትንም ክፉኛ ይወጋል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የላይኛው ፎቅ ተከራዮች ይግቡ። ቀዝቃዛ ውሃ የሚወዱት ዋይት ክላውድ የተባሉ ስምንት ትናንሽ ዓሣዎች ምርጫዬ ናቸው፤ ካልተገኙ ዜብራ ዳኒዮ ይሆናል፣ እርሱ ግን እንደ ልጅ ሲሯሯጥ ስለሚውል ገንዳው ከላይ መከደን አለበት። የሚያማምሩት ኒዮን ቴትራዎች ትንሽ ሞቅ ያለ ውሃ ስለሚሹ ማሞቂያ ላለው ሰው ይቆዩ።

ወርቃማ ዓሣ ቅዝቃዜው ቢስማማውም ሰውነቱ ለዚህ ገንዳ ይገዝፋል፣ ቆሻሻውም ብዙ ነው። ታይገር ባርብ ክንፍ ይነክሳል። ከሐይቅ የመጣ የቆሮሶ ጫጩት ዛሬ ትንሽ ቢመስልም ነገ በጉርብትና አይኖርም። ኮሪዶራስን የሚውጥ ትልቅ ዓሣ ደግሞ እሾሁ ጉሮሮው ላይ ተቀርቅሮ ሁለቱም ሊሞቱ ይችላሉ።

ምግብና ውሃ

ማታ መብራት ካጠፉ በኋላ የሚሰምጥ ምግብ ይጣሉላቸው፤ የላይኞቹ ቀድመው እንዳይሻሙ ለእነርሱ አስቀድመው ጥቂት ይስጧቸው። ጠዋት የተረፈ ካለ አውጥተው በሚቀጥለው ቀን ይቀንሱ። ኮሪዶራስ ፍርፋሪ ይለቅማል እንጂ ኩስ አይበላም፤ የጽዳቱ ሥራ የእርስዎ ነው።

በየሳምንቱ የውሃውን ሩብ በቱቦ ከአሸዋው ላይ እየሳቡ ይቀይሩ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት በክፍት ባልዲ ለ24 ሰዓት ይደር፤ በክሎሪን ፈንታ ክሎራሚን የተባለ ኬሚካል በሚጨመርበት ከተማ ግን ማሳደሩ አይበቃም፣ ማርከሻ መድኃኒት ያስፈልጋል። ስፖንጁንም በቧንቧ ውሃ ሳይሆን ከገንዳው በተቀዳው ይጭመቁት፤ አለበለዚያ ያን ሁሉ ሳምንት የጠበቋቸውን ባክቴሪያዎች ይገድላሉ።

በከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ በአዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ የአየር ፓምፑ ሌት ተቀን ይሥራ። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ቢኖር ይመረጣል፤ ከሌለ በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፍስሱ። ብርዱ ከጠና ገንዳውን ጋቢ አልብሱት፤ እኔ አድርጌዋለሁ፣ ይሠራል።

ኮሪዶራሶቹ ሁሉም ነገር ከተስማማቸው፣ ትንሽ ቀዝቀዝ ባለ ውሃ በቀየሩ ማግስት፣ የአገራቸው ዝናብ የመጣ ይመስላቸውና እንቁላል ይጥላሉ። ሴቷ እንቁላሎቿን በሆዷ ክንፎች መካከል ይዛ እየዞረች መስታወቱ ላይ ትለጥፋቸዋለች። ማዳን ከፈለጉ በጣትዎ ቀስ ብለው አንከባለው ያንሱና የዚያኑ ገንዳ ውሃ በያዘ ዕቃ ውስጥ ያኑሯቸው፤ የአየር ቱቦ ይክተቱበት፣ ነጭ ሻጋታ የያዘውን እየለቀሙ ያውጡ። ከተዉአቸው ወላጆቹ ራሳቸው ሊበሏቸው ይችላሉ።